በሼህ ይመር ዱዓ ውስጥ የደበቅሁት ቀልድ

ይህን ለማንም ተንፍሼ አላውቅም፤ ለሚስቴም፣ ለንስሐ አባቴም። ለንስሐ አባቴ ያልነገርኳቸው አፍሬ ብቻ አይደለም፤ መጀመሪያ ባክቴሪያ ምን እንደሆነች ማስረዳት ነበረብኝ፣ እስከ ፍልሰታ አንጨርስም ነበር። አንተ የማታውቀኝ አንባቢ ግን ስማኝ።

ለውጥ መጣ በተባለበት ሰሞን ደሴ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ የቤተ ሙከራ ሠራተኛ ነበርኩ። ተማሪዎቻችን ከአዲስ አበባ ተማሪዎች ጋር ገጥመው አንድ ጉድ ጀመሩ፤ ሕይወት ባላት ባክቴሪያ ውስጥ ጽሑፍ ማስቀመጥ። ዲኤንኤ የሚጻፈው በአራት ኬሚካሎች ነው። ለእያንዳንዷ የአማርኛ ፊደል የአራቱን አንድ አሰላለፍ ሰጧት። የኛ ፊደል ብዛቱ የአምባሰልን ድንጋይ ያህላል፤ ልጆቹ በአራት ቻሉት። እኔ እንቅልፍ አጣሁ። ባክቴሪያዋ የተጻፈባትን ታውቀው ይሆን? ለልጅ ልጇ ስታወርስ ይከብዳት ይሆን?

አንዱ ቡድን የሌላውን ጽሑፍ በአደራ ይዞ ሊያነበው ተስማሙ። የኛን ጽሑፍ የመረጠችው ዘይነባ ነበረች፣ የአምባሰል ልጅ፣ ከሁሉም ትጉዋ። አያቷ ሼህ ይመር ዱዓ ሲያደርጉ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም መዳፉን ዘርግቶ አሚን ይል ነበር። ሄደን ነገርናቸው።

«እና ምርቃቴን ትል ሆድ ውስጥ ልታስቀምጡት ነው?»

«ከትልም ታንሳለች አባባ» አለች ዘይነባ።

«ካነሰች አሚን ለማለት አትኮራም» ብለው ሳቁና ሦስት መስመር መረቁ። ዘይነባ በስልኳ ቀዳች።

ጽሑፉን ወደ አራቱ ኬሚካሎች ገልብጬ ዲኤንኤውን ውጭ አገር ለሚሠሩልን ሰዎች የምልከው እኔ ነበርኩ። ምን አደረግሁ? ሦስተኛውን መስመር አወጣሁትና በቦታው «የሐይቅን ዓሣ ተጠብሶ የሚዋኝ አድርግልን» ብዬ ከተትኩ። እኔ ነኝ ያደረግሁት። አዲስ አበባዎቹ አንብበው ሲንከተከቱ ብቅ ብዬ እውነቱን እነግራቸዋለሁ ብዬ ነበር።

አልሳቁም። በሽማግሌ ተቀለደ ተባለ። ጽሑፉን መርጣ ያመጣችው ዘይነባ ስለሆነች ጣት ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። የስልኳን ቅጂ አሰማቻቸው፤ እሱ ጭራሽ አባሰባት። ትክክለኛውን እያወቅሽ ነው የለወጥሽው ብለው ከቡድኑ አስወጧት።

«ወላሂ ጋሼ፣ እኔ አልነካሁትም» አለችኝ።

«አይዞሽ፣ ይጣራል» አልኳት።

ማን ያጣራ? እኔ እዚያው ቆሜ አይደለም? ሥራዬን ፈራሁ። ግማሽ ወሎን ያሳቀ ምላሴ «እኔ ነኝ» ማለት አቃተው። ነገ፣ ከነገ ወዲያ ስል ጦርነቱ ደጃችን ሐይቅ ከተማ ደረሰ።

ዘይነባ በእግሯ ስትሸሽ ስልኳን ተቀማች። ቤተ ሙከራችን ጽሑፉ ከነበረበት ኮምፒውተር ጋር ተዘርፎ የበር እጀታ እንኳ አልቀረለትም። ሼህ ይመር በተሰደዱበት ሞቱ።

ነገሩ ሲረግብ ዘይነባ መጣች። የአዲስ አበባው ቡድን ባክቴሪያዋን በማቀዝቀዣ አቆይቷት ነበር። የሽማግሌው ሁለት መስመር በሕይወት አለ፤ ደጃችሁ አይዘጋ፣ የሄደ ይመለስ ይላል። ቀጥሎ የእኔ ዓሣ ይዋኛል።

«ጋሼ፣ የገለበጡት አንቱ ነዎት። ሦስተኛው ምን ነበር? እኔ ስልኬን አምኜ ቃሉን አልያዝኩትም። ቅጂውን ከሰሙት አንዱ ስለ ዝናብ ነበር ይለኛል፣ ሌላው ስለ ልጅ።»

አሰብኩ። እናቴን ስቀብር እንኳ እንደዚያ ጨንቆኝ አያውቅም። ስለ ዝናብ ነበር? ስለ ልጅ? ሽማግሌው ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ይታየኛል፤ ድምፁ አይመጣም። የሚመጣው ያ የተጠበሰ ዓሣ ነው።

«ረሳሁት» አልኳት። እውነቴን ነበር። ከዋሸሁት ሁሉ ያ እውነት ይብሳል። የቀረውን ግን ያኔም አልነገርኳትም፤ ሻይ ጋበዝኳትና ሸኘኋት።

አንባቢ ሆይ፣ ይቅር በለኝ አልልህም፤ የተበደልከው አንተ አይደለህም። እሷም ይህን ካነበበች በኋላ ይቅር ትበለኝ ብዬ አልለምንም። እዚህ አገር ዛሬ የጠፋ ነገር ሁሉ ጦርነቱ ወሰደው ይባላል፤ እኔም እንዲያ ብል ማንም አይጠይቀኝም ነበር። ስልኩን ጦርነቱ ወሰደው። ሦስተኛውን መስመር የወሰድኩት እኔ ነኝ።