ጥይት የማይበሳቸው

የያዙኝ ሰኞ ገበያ አጠገብ ነው። ቦርሳዬ ሲፈተሽ በሥዕል የሚተረክ የእንግሊዝኛ መጽሔት ተገኘብኝ፤ የፈረንጅ አስተማሪ ለወንድሜ ትቶለት የሄደው ነበር። አብዮት ጠባቂው ካባ ለብሶ ሰማይ ላይ የሚበረውን ሰው እያሳየ፣ «ይሄ የየትኛው ድርጅት አባል ነው?» አለኝ። ተረት ነው ብዬ ብነግረውም አልተዋጠለትም።

የቀበሌው እስር ቤት የሴቶች ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። ብናኙ ጉሮሮ ይይዛል። መስኮት የለውም። ጠጋ ብለው ቦታ የለቀቁልኝ ከቢስቲማ የመጡ እናት ናቸው። ልጃቸው ጫካ ገብቷል፤ ያለበትን አውጪ እየተባሉ ይደበደባሉ። ብዙም አይናገሩም ነበር፤ እኔን ግን በምን እንደተያዝኩ ጠየቁኝ። ስለ መጽሔቱ ሰዎች ነገርኳቸው።

«ምን ምን ይችላሉ ሰዎቹ?»

«አንዱ ይበራል። አንዱ በግድግዳ ያልፋል። አንዷ ስትፈልግ ከዓይን ትሰወራለች። ጥይት የማይበሳውም አለ።»

«ከሩቅ ሲጣሩ የሚሰማስ?»

«እሱም አለ።»

ልጃቸውን እንዳስታወስኳቸው ገባኝ። ላስቃቸው ብዬ፣ «ግን እማማ፣ ያን ሁሉ ኃይል ይዘው ሙታንታቸውን የሚለብሱት ከሱሪያቸው በላይ ነው» አልኩ።

«ከሱሪው በላይ?»

«እውነቴን ነው።»

«ወላሂ፣ አብደዋል!»

ሳቁ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ቢጭኑም አልቆም አላቸው። ሌሎቹም ተከተሏቸው።

በሩ ተበረገደ። «ማናት የምትስቀው?»

እማማ ተነሡ። እኔም ተነሣሁ። «ያሳቅኳቸው እኔ ነኝ» አልኩ። ጠባቂው ገፍትሮ አስቀመጠኝና እሳቸውን ይዞ ወጣ። «ልጅሽ የት ነው ስትባዪ አታውቂም፣ መሳቅ ግን ታውቂያለሽ!» ሲላቸው ሰማሁ።

ተደግፈው ተመለሱ። ውስጥ እግራቸው ተልጧል። የመጠጥ ውሃዬን በጣሳ ይዤ ቁስሉን ላጥብ ስል እጄን ያዙኝ።

«መጀመሪያ ለዉዱእ።»

እኔ የጴንጤ ልጅ ነኝ፤ ከስግደት በፊት ለሚታጠቡት ውሃውን እንዴት እንደማፈስ እሳቸው አሳዩኝ። እግራቸው ላይ ስንደርስ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ተቀምጠው ሰገዱ። ሲጨርሱ ነጠላቸውን እግራቸው ላይ ጣል አደረጉ፤ ጠባቂው ቁስላቸውን እንዲያይ አልፈለጉም።

«በኔ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው።

«አብሽሪ፣ ልጄ። አንቺ አልመታሽኝም።»

ብዙም ሳይቆይ አባቴ ዋስ ሆኖ አስፈታኝ። እሳቸውን እዚያው ትቻቸው ወጣሁ።

ደርግ ከወደቀ በኋላ ቢስቲማ ሄድኩ። እሳቸው ተፈተው ዓመታት ኖረው ወደ አኼራ ሄደዋል። ከጫካ የተመለሰው ልጃቸው ተቀበለኝ። እናቱ እስከ መጨረሻው መርገጥ ያማቸው እንደነበር፣ ስለ እስር ቤቱ ግን ትንፍሽ ብለው እንደማያውቁ አጫወተኝ።

«እዚያ እንዴት ነበረች?» አለኝ።

«አንድ ቀን በጣም ሳቁ።»

«እናቴ? እዚያ ውስጥ?» ፊቱ በራ። ሚስቱን ጠርቶ እንደገና አስነገረኝ።

አሁንም በዒድ ስደውልለት ያንን ቀን አጫውቺኝ ይለኛል። ልጆቹ አጠገቡ ሆነው ሲስቁ ይሰማኛል። በሩ ተበረገደ የሚለው ጋ ስደርስ ወሬ እቀይራለሁ።