የማኅበሩ ወፍጮ የቆመ ጊዜ

በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበራችን ወፍጮ ሲቆም ዘበኛው እኔ ነበርኩ። በየስብሰባው "እግዜር የለም" የሚለን ሊቀ መንበር "አሻጥር ነው" ብሎ አሳሰረኝ።

ሞተሩን የሚመረምር መካኒክ ከደብረ ታቦር መጣ። እጄን እንደታሰርኩ አጠገቡ አቆሙኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ከተባለ ወህኒ መውረዴ ነው። መካኒኩ ከናፍጣው ማጠራቀሚያ ሥር በብርጭቆ ቀዳ። ናፍጣው ከላይ ሲንሳፈፍ ከታች ውሃ ተኛ።

"ሞተሩን ያቆመው ይህ ነው። ውሃ ማን ጨመረበት?" አለ።

"ዘበኛውን ጠይቀው" አለ ሊቀ መንበሩ።

"አላውቅም" አልኩ።

መካኒኩ ብርጭቆውን ደጅ ሊደፋ ሲል ሊቀ መንበሩ ዘሎ ክንዱን ያዘው።

"እግር በሚረግጠው ቦታ አይደፋም" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ጸበል ነው። ሞተሩ እንዳይሰበር ብዬ ከወንዛዬ አምጥቼ የጨመርኩት እኔ ነኝ።"