ሰባት ብርድ ልብስ በሳጥን

ባለፈው ሳምንት ቁም ሳጥኔን ስከፍት የናፍታሊን ሽታ አፍንጫዬን መታኝና ደሜ ፈላ። የገዛሁት እኔው ራሴ ነኝ፤ «ሁለት ለገዛ አንድ በነጻ» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ሳይ ሳላስበው ሦስት ፓኮ አንስቼ፣ ገንዘብ ተቀባይዋ «ነጥብ ይመዝገብልሽ?» ስትለኝም ስልክ ቁጥሬን ቶሎ ነግሬያት፣ ደስ ብሎኝ ነበር ወደ ቤቴ የገባሁት። ሽታው ግን ባንዴ ወስዶ ደብረ ብርሃን፣ ከአባዬ አልጋ ስር ከነበረው ሰማያዊ የቆርቆሮ ሳጥን ፊት አስቀመጠኝ። ይኸው ይህን ያህል ዘመን አልፎም፣ ያንን ሳጥን ባገኘው በእርግጫ ነው የምለው።

አባዬ የሱፍ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ፋብሪካው ዓመቱን ሙሉ አንድም ቀን ሳይቀርና ሳያረፍድ ለሠራ ሰው፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ አንድ ድርብ ብርድ ልብስ ይሸልም ነበር። ሌሎቹ ሠራተኞች አንድ ዓመት ቢያገኙ ሁለት ዓመት ያጡታል፤ ሰው ነውና ይታመማል፣ ልጅ ይወልዳል፣ ለቅሶ ይደርሳል። አባዬ ግን ሰባት ዓመት አከታትሎ ወሰደ። ትኩሳት ይዞት ሄዷል፣ መንጋጋው አብጦ በሻርፕ ታስሮ ሄዷል፣ ያሳደገው አጎቱ አንኮበር ሲቀበር እንኳ እሱ ማሽኑ ላይ ነበር፤ ለቅሶውን እሁድ ጠብቆ ነው ወርዶ የደረሰው። እማዬ በኀፍረት መሬት ልትገባ ደርሳ «ሰው ምን ይለናል?» ብትለው «ሰው ብርድ ልብስ አይሰጠኝም» አላት። እግዚኦ! በሸዋ ምድር ለቅሶ የቀረ ሰው እንዲህ ብሎ መለሰ።

እንግዲህ እነዚያ ብርድ ልብሶች ሳጥን ውስጥ ነበሩ፣ ቁልፉም ከአባዬ አንገት ላይ ከማተቡ ጋር ታስሮ ይንጠለጠል ነበር። አስር ሲሞሉ አምስቱ ለእኔ፣ አምስቱ ለታናሽ እህቴ ለትርሲት፣ የሰርጋችን ዕለት ሊወጡ ነው። ያኔ እኔ አስር ዓመቴ ነው፣ ትርሲት አምስት። እስከዚያው ድረስ የምንለብሰው ከአያቴ የተረፈ አሮጌ ባና ነበር፤ ሱፉ አልቆ ክሩ ብቻ ስለቀረ፣ እግሬን ስዘረጋ አውራ ጣቴ በቀዳዳው ይወጣ ነበር። የደብረ ብርሃንን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ለማያውቀው ምን ብዬ ልንገረው?

ክረምት ሲገባ የአባዬ ብልሃት ይበዛ ነበር። የሬዲዮ ድንጋይ ሲደክም አይጣልም፤ በበጋ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ በክረምት ግን ጉሙ ከደጃችን ስለማይነሳ ምድጃ ዳር ደርድሮ እያገላበጠ ያሞቀው ነበር። ክብሪት በምላጭ ለሁለት ይሰነጠቃል፣ የሳሙና ፍርፋሪ ተሰብስቦና ተጨምቆ እንደገና ሳሙና ይሆናል። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ እኔን አስከትሎ ወደ ገበያ ይወጣና፣ ዳር ቆመን ገበያው እስኪበተን ጠብቀን፣ ሴቶቹ ዕቃቸውን ሸክፈው ሊሄዱ ሲቻኮሉ «ይህን ተሸክመሽ ከምትመለሺ» እያለ የተጨማደደ ድንችና የጠወለገ ቃሪያ በግማሽ ዋጋ ይገዛ ነበር። ዝናቡ ከባርኔጣው ላይ እየተንጠባጠበ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይለኛል። አልዋሽም፣ ያኔ ደስ ይለኝ ነበር። እንደ አባዬ ብልህ ሰው በከተማው ያለ አይመስለኝም ነበር።

ሰባተኛውን ብርድ ልብስ ያመጣ ዕለት አደይ አበባ ፈክቶ ነበር። ሰው እንዲያይለት ረጅሙን መንገድ ዞሮ፣ በትከሻው ተሸክሞ ገባ። ቀይ ነው፣ ዳር ዳሩ በሐር ክር የተሰፋ፤ እጃችንን አስታጥቦ በተራ በተራ አስነካን። ትርሲት ጉንጯን አስደግፋበት አልነሳ ብላ በስንት ልመና ተነሳች። ከዚያ አባዬ እንደ ልማዱ የታሸገበትን ላስቲክ በጥንቃቄ ገፎ አወጣ። ስድስቱንም እንዲሁ ገፏቸዋል፤ «ይህን የመሰለ ላስቲክ ሳጥን ውስጥ ምን ያደርጋል?» ይል ነበር። በላስቲኮቹ የጣራውን ፍሳሽ ደፈነ፣ የእኔን ደብተሮች ለበጠ፣ የተረፈውን ለጎረቤት ሸጠ። እማዬ «ብል ቢገባውስ?» ስትለው «ናፍታሊን አለው» አላት። ናፍታሊኑ የመጀመሪያው ዓመት የተገዛ ነው። ሟሙቶ ሟሙቶ አተር አክሏል። እማዬ ሌላ ግዛ ብትለው አፍንጫውን ሳጥኑ ውስጥ ከቶ አሸተተና «ይሸታል እኮ! እየሸተተ ምን ይገዛል?» ብሎ ዘጋው።

ኅዳር ላይ ውርጩ ወረደ። ጧት ስንነሳ በባልዲ ያደረው ውሃ ቆዳ አውጥቶ እናገኘው ነበር። ትርሲት ሳል ጀመራት፤ ጎኔ ተኝታ ደረቷ ሲር ሲር ሲል እሰማዋለሁ፣ ባናውን ሁሉ ወደ እሷ ገፍቼ እኔ በፎጣ እጠቀለላለሁ፣ እሷ ግን አትሞቅም። አንድ ቀን አባዬ ራቱን እየበላ ሳለ ድፍረት አገኘሁና «አባዬ፣ አንዱን ብቻ አውጣልን። ለእኔ አይደለም፣ ለትርሲት ነው» አልኩት። እጁ ወደ አንገቱ ሄዶ ቁልፉን ያዘ። «ሰባት የሞላው ስላልወጣ ነው። አንዱ ከወጣ ሌላውም ይወጣል። ዛሬ ከባከነ በሰርጋችሁ ቀን በምን ትወጣላችሁ?» አለኝ። እማዬ ከጓዳ ሆና «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!» ብላ ተረተችበት። ሰምቷል፤ ጉርሻውን ግን አላቆመም።

ታኅሣሥ በገባ በሳምንቱ፣ አንድ ጧት ትርሲት መተንፈስ አቃታት። ከንፈሯ ጠቁሯል፣ ዓይኗ ይንከራተታል። አባዬ ኮቱን ለብሶ አንድ እግሩ ከደጅ ነበር። እማዬ «ዛሬ እንኳ ቅርና እቀፍልኝ» ብላ ለመነችው፤ እናቴ ሰው ስትለምን ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ትርሲትን አየ፣ መንገዱን አየ፤ የፋብሪካው ጡሩምባ ተነፋ። «አንቺ ቅደሚ፣ ከሥራ ስወጣ በቀጥታ እመጣለሁ» ብሎ ሄደ። ሄደ! እማዬ ልጇን በጀርባዋ አዝላ፣ እኔ ስንቁን ይዤ ከኋላ እየሮጥኩ፣ በዚያ ውርጭ ሆስፒታል ድረስ በእግራችን ሄድን። የሳምባ ምች ነው አሉን። አባዬ በየማታው ብርቱካን ይዞ ይመጣ ነበር፤ ብርቱካኑም ገበያ ሲበተን የተገዛ፣ ጎኑ የላመ ነበር።

በአምስተኛው ቀን ስታስወጣን ሐኪሟ «ይቺን ልጅ ብርድ እንዳይነካት» አለች። እማዬ ቤት እንደገባን ትርሲትን አስተኛቻት፣ መጥረቢያ አነሳች፣ ሳጥኑን ከአልጋው ስር ጎትታ አወጣችና ጓጉንቸሩን በመጥረቢያው ጀርባ ትለው ጀመር። በሦስተኛው ተፈነቀለ። ሽታው ወጣ። እማዬ ከላይ ያለውን ቀዩን ብርድ ልብስ አንስታ ስታራግፈው አቧራ ቦነነ፣ ትል ተራገፈ፣ በብርድ ልብሱ ውስጥ መስኮቱ ወለል ብሎ ታየኝ። ቀጥሎ ያለውን አወጣች፣ እሱም ያው ነው። ከስር ያሉትማ ስታነሳቸው በእጇ ላይ ይበጣጠሱ ነበር። ሰባቱንም ብል በልቷቸዋል። እማዬ መሬት ቁጭ ብላ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለች፣ ከዚያም የራሷን ጋቢ አውልቃ ትርሲትን ሸፈነችና እሷ በነጠላ ብቻ ዋለች።

ማታ አባዬ ገባ። ብርድ ልብሶቹ መሬት ላይ እንደተዘረጉ ነበሩ። አንድ በአንድ እያነሳ ወደ ኩራዙ አስጠግቶ አያቸው፣ ከዚያ ተንበርክኮ አፍንጫውን ባዶው ሳጥን ውስጥ ከተተ። «ይሸታል እኮ» አለ። እንደገናም ወደ እኔ ዞሮ፣ መስክሪልኝ የሚለኝ ይመስል፣ «ይሸታል እኮ፣ ስንዱ» አለኝ። «እሰይ! እንኳን በላው!» አልኩት። እማዬ በጥፊ አፌን አለችኝ፤ እሱ ግን «ተያት» አላት። በማግስቱ ከባድ ውርጭ ነበር። እንደ ወትሮው በሰዓቱ ተነሳ፣ ቂጣውን በላ፣ ስምንተኛውን ሊያመጣ ሄደ። ይህችን ጧት ነው እስከ ዛሬ ይቅር ያላልኩት።

አመጣውም። በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ስምንተኛውን ይዞ ገባና፣ ማንም ሳይጠይቀው ላስቲኩን በጥርሱ ቀዶ ጣለና፣ ትርሲትን አስተኝቶ ራሱ አለበሳት። ቆመን እናያለን። ትርሲት እጆቿን ከጎኗ አጣብቃ ድርቅ ብላ ትንሽ ቆየች፣ ከዚያ ቀስ ብላ ወጣችና ብርድ ልብሱን ጫፍና ጫፉን ገጥማ አጣጥፋ፣ ሳጥኑ ላይ አስቀምጣ፣ አሮጌው ባና ውስጥ ገባች። እማዬ «ምነው ትርሲቴ?» ብትላት «እንዳያልቅ» አለች። አባዬ ወደ ግቢ ወጣ። እዚያ ምን እንዳደረገ አላውቅም፣ ሄጄም አላየሁትም።

አባዬ ካረፈ ቆይቷል። ትርሲት ከእማዬ ጋር እዚያው ቤት ትኖራለች፤ አላገባችም፣ ኅዳር በመጣ ቁጥር ደረቷ ይነሳባታል። እኔ አዲስ አበባ የራሴን ቤት ይዤ፣ ስልኬ ላይ ነጥብ አጠራቅማለሁ፣ የትኛው ሱቅ በየትኛው ቀን ቅናሽ እንዳለው በቃሌ አውቃለሁ፣ ቤተሰብ ጋ የምደውለውም «ሠላሳ ደቂቃ በነጻ» የሚል መልእክት ሲደርሰኝ ነው። እሱ እንኳ ጡሩምባ የሚነፋበት ፋብሪካ ነበረበት፤ የእኔስ ሰበብ ምንድን ነው?

ቁም ሳጥኑን በከፈትኩበት ዕለት ነጻ ደቂቃ ደርሶኝ ስለነበር ደወልኩ። እማዬ ስለ ውርጩ እያወራችልኝ ከኋላዋ ትርሲት ስትስል ይሰማኛል፣ ሳሏ አልቆም ብሏል። ዓይኔ ሰዓቱ ላይ ነበር። «እማዬ፣ ነጻው ሊያልቅ ነው፣ በሌላ ቀን እደውላለሁ» አልኳት። ምንም ቅር ሳይላት «እሺ ልጄ፣ ዝጊው፣ አታባክኚ» አለችኝ። ዘጋሁት። ስልኬ ላይ ሒሳብ ሞልቶ ነበር። ናፍታሊኑን ሦስቱንም ፓኮ አውጥቼ ቆሻሻ ውስጥ ወረወርኩና መልሼ ደወልኩ። ያነሳችው ትርሲት ናት።

«ስንዱ፣ ምን ሆንሽ? ማን ሞተ?» አለችኝ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «ነጻው አላለቀም እንዴ?»