ያለ ሰዓቱ የጮኸው ዶሮ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የገባሁት ጸጥታ ፍለጋ ነበር። በግድግዳ የምንዋሰን ጎረቤቴ በረንዳ ላይ ግን ቀይ አውራ ዶሮ ታስሮ ጠበቀኝ።

ጎረቤቴ ከአቃቂ ፋብሪካ ጡረታ የወጡ እናት ናቸው። ሚኒባስ ይነዳ የነበረው ልጃቸው ሰው ገጭቶ ተፈርዶበት ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ነበር። አመክሮው ደርሷል ሲባሉ ዶሮውን ገዙና፣ ልጄ ይህን በር ሲረግጥ አርደዋለሁ ብለው ተሳሉ። አመክሮው ዘገየ። ዶሮው ግን አንድም ቀን አልዘገየም፤ ሰማዩ ገና ሳይገረጣ ከራስጌዬ አጠገብ ይጮሃል። እኔ ደግሞ ዜና ጽፌ አምሽቼ የምገባ ሰው ነኝ።

“እማማ፣ ቢያንስ ማታ ማታ ማዕድ ቤት ያስገቡት” አልኳቸው።

“ዘግቼበት? አንድ የታሰረ አይበቃኝም?”

ዶሮው በሲባጎ መታሰሩን አላነሳሁባቸውም።

ከዚያ ነገሩ ባሰ። ዶሮው ምሽት ላይም ይጮህ ጀመር። ንጋት ላይ የሚጮህ ዶሮ ያናድዳል እንጂ አያስፈራም። ምሽት ላይ የሚጮህ ግን ሟርተኛ ነው፤ ክፉ ወሬ ሳይጠራ ይታረዳል ይባላል። የብሎካችን ኮሚቴ ሰብሳቢ ደረጃው ሥር ሰበሰበን። ቁጡ ሰው ነው፤ ስለ ውሃ ታንከርም ስለ ዶሮም የሚናገረው በአንድ ዓይነት ድምፅ ነው።

“ያለ ሰዓቱ የጮኸ ዶሮ አይከርምም። ለእርስዎም ለብሎኩም ሲባል ይታረድ።”

“ሽንኩርቱ ከእኔ!” አለ ምድር ቤት ሱቅ ያለው የስልጤ ልጅ። ሰው ሳቀ። እማማ አልሳቁም።

ስብሰባው ሲበተን በሬን አንኳኩ። ነጠላቸውን አገጫቸው ድረስ ስበውታል።

“ባርደው ስለቴን አፈርሳለሁ። ባላርደው ደግሞ ሟርቱ ልጄን እዚያው ያገኘዋል። አንተ ጋዜጠኛ አይደለህ? ለምን እንደሚጮህ አጣርተህ ንገረኝ።”

እውነቱን ለመናገር፣ ዶሮው ቢታረድ ከብሎኩ ሰው ሁሉ የበለጠ የምደሰተው እኔ ነበርኩ። ግን አጣራ ተባልኩ። ስለ ዶሮ እርባታ ስዘግብ የተዋወቅሁት የእንስሳት ሐኪም ጋ ደወልኩ።

“የንጋቱ ከሰውነቱ ነው፤ ውስጡ ሰዓት አለ፣ ብርሃን አይጠብቅም” አለኝ። “ሌላ ጊዜ የሚጮኸው ክልሌን አትንኩ ለማለት ነው። ሌላ አውራ ሲሰማ ይመልሳል። ማታ ለማን እንደሚመልስ ፈልግ።”

በአካባቢያችን ሌላ አውራ ዶሮ የለም። ከሥራ ቀደም ብዬ ወጥቼ በረንዳዬ ላይ ተቀመጥኩ። ዶሮው አየኝ፤ እኔም አየሁት። አልተዋደድንም። ሲመሻሽ ሰብሳቢው ከሥራ መጣና ደረጃውን መውጣት ጀመረ። ባለቤቱ ዳቦ መግዛቱን ለመጠየቅ ሁልጊዜ በዚያው ሰዓት ትደውልለታለች። ስልኩ ጠራ። በቅርቡ የቀየረው ጥሪ የአውራ ዶሮ ጩኸት ነበር። የኛው ዶሮ ክንፉን አራገፈና መለሰለት።

አንድ ጊዜ ማስረጃ አይሆንም። ጎረቤቶቹን ጠርቼ፣ ሰብሳቢውን እዚያው አቁሜ ደወልኩለት። ዶሮው መለሰ። ደግሜ ደወልኩ፤ ደግሞ መለሰ።

“ሰብሳቢያችን፣ ሽንኩርቱ ለማን ይሁን?” አለ ባለሱቁ።

ሰብሳቢው ስልኩን ኪሱ ከተተና፣ “ይህ በአጀንዳ አልተያዘም” ብሎ ወደ ቤቱ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ስልኩ በንዝረት ብቻ ሆነ።

እማማ አልረኩም።

“ታዲያ ስለ ልጄ ምንም አላለም?”

“ምንም። ዶሮው ልጅዎን አያውቀውም፤ የመለሰው ለስልክ ነው።”

በረንዳቸው ብረት ላይ ተደግፈው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። ለዶሮው በቆሎ በተኑለት። ንጋት ላይ መጮኹን አልተወም፤ እኔም ከዚያ በኋላ ይታረድ የማለት መብቴን በገዛ ሥራዬ አጥቼ ነበር። ትራስ ጆሮዬ ላይ ጭኜ ከረምኩ።

ልጁ ተፈታ። ከሲታ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ዶሮው በስለቱ መሠረት ታረደ፤ ፈረሰኛው ለልጁ፣ አንድ እግር ለእኔ ደረሰ። ሥጋው እንደ ጠባዩ ጠንካራ ነበር። በደስታ ጨረስኩት።

በማግስቱ እንደ ሰው እተኛለሁ ብዬ ነበር። ሰማዩ ሳይገረጣ ከግድግዳው ወዲያ የልጁ መኝታ ቤት በር ተንኳኳ።

“አለህ?” አሉ እማማ።

“አለሁ፣ እማዬ። ተኚ።”

በሦስተኛው ቀንም እንዲሁ፤ በአራተኛውም። ለዚህ እንኳ ሐኪሙ ጋ አልደወልኩም።