ፖላንድን ፍለጋ ሴንት አልባንስ

የሄድኩ ለት ማታ ቤታችን በሸኚ ተሞልቶ ሳለ፣ የእናቴ ወንድም ጋሼ ታደሰ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብለው፣ «ለመሆኑ የምትማረው ምንድን ነው?» አሉኝ።

«የፖላንድ ፍልስፍና፤ በተለይ ሎጂኩን።»

«ፖላንድ ነዋ የምትሄደው።»

«አይ፣ አውስትራሊያ፣ ሜልበርን። ይህን የሚያውቁ ፕሮፌሰር ያሉት እዚያ ነው፤ ስኮላርሺፕም አግኝቻለሁ።»

ጋሼ ትንሽ አሰቡና፣ «የተማረ ሰው መንገዱ ዙሪያ ጥምጥም ነው» ብለው መረቁኝ። ሜልበርን ኤርፖርትም የጠበቀኝ ይኸው ጥያቄ ነው። ፈታሹ የእናቴን በርበሬ በጓንት አንሥቶ እያሸተተ፣ «ኢትዮጵያ ለፖላንድ አትቀርብም?» አለኝ። ትቀርባለች አልኩት። አስነጠሰውና አሳለፈኝ።

ፕሮፌሰሩ ደግ ናቸው፤ ግን ገና በመጀመሪያው ሳምንት ዱብ ዕዳ አወረዱብኝ። በዓመቱ መጨረሻ መጻሕፍቱን በፖሊሽኛ ማንበብ ካልቻልኩ ጥናቱ ይቀራል፣ እኔም ወደ አገሬ። ጭንቅ ያዘኝ። ደግነቱ የሐበሻ ልጆች ሴንት አልባንስ በሚባል የሜልበርን ዳር ሰፈር የፈለጉልኝ ክፍል አከራይዋ ፓኒ ሄሌና ነበሩ። ፓኒ በፖሊሽኛ እትዬ እንደማለት ነው። ወጣት ሳሉ ከፖላንድ የመጡ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ የልጅ ልጆቻቸው በእንግሊዝኛ ብቻ የሚመልሱላቸው አሮጊት ናቸው። ቋንቋቸውን ሊማር የጓጓ ሰው ሲያገኙ ጊዜ የክፍሉን ነገር ረስተው ማስተማሩን ያዙት። ግብዣቸው እንደ እኛው ነው፤ ጠግቤያለሁ ማለት አይሠራም። አንድ ዓርብ አይብ የተሞላ ሊጥ ቀቅለው አቅርበውልኝ ጾም ነው ብላቸው ግን ተቆጡ። «አይብ የማይበላ ምን ዓይነት ክርስቲያን ነው?»

አንድ እሑድ፣ «ስለ ነገ የሚነገር ነገር ዛሬ እውነትም ሐሰትም አይደለም፤ ሦስተኛ ነገር ነው» የሚል የአንድ ፖላንዳዊ ፈላስፋ ገጽ ላይ ደረስን። ፓኒ ሄሌና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ዝም ብሎ ነው! ነገ የጎመን ሾርባ እሠራለሁ። ይኼ እውነት ነው።»

«ጎመን ቢጠፋስ?»

«ሴንት አልባንስ ውስጥ? ጎመን?»

በማግስቱ ጎመን ጠፋ። ቀይ ሥር ቀቅለው አቀረቡ፤ በላን። ሳህኑን ሲያነሡ፣ «ሰውዬው ብልህ ነበር» አሉ።

ዓመቱ ሲያልቅ፣ ጥናቴ መቀጠሉ በሚወሰንበት፣ ኮንፈርሜሽን በሚሉት ፈተና ቀን ያንኑ ገጽ ሳነብ ምላሴ አልተያዘም። ምሳሌ ስጥ ሲሉኝ ሾርባውን ነገርኳቸው፤ ፈታኞቹ በሳቅ ፈረሱ። አለፍኩ! ሦስት ዓመት ልቀጥል ነው። ቤት እስክደርስ አላስቻለኝም፣ ከባቡሩ ውስጥ ለእናቴ ደወልኩ። እልልታዋ ተሳፋሪውን ሁሉ አዞረ።

«ጎበዝ፣ የኔ አንበሳ! ታዲያ መቼ ትመጣለህ?»

«እግዚአብሔር ካለ ለፋሲካ» አልኳት። እውነትም ሐሰትም ያልሆነ መልስ፤ እንግዲህ ሙያዬ ነው።

«የእሱን እኔ እለምነዋለሁ» አለች። «አንተስ? መምጣቱን ትፈልገዋለህ?»

ዓይኔን በባቡሩ መስኮት ወደሚያልፈው ሰፈር መለስኩ። እስኪያመኝ ትናፍቀኛለች። ግን ደግሞ እዚህ መኖሩ እየጣመኝ መጥቷል፤ ይህን ለእናት እንዴት ይነግሩታል?

«ሃሎ? አለህ?»

«አለሁ፣ እማዬ» አልኳት። ይህችን እንኳ መመለስ አላቃተኝም።