ወራጅ አለ
ትልቁ አውቶብስ ከቀረ ወዲህ ከደብረ ታቦር ገሳይ የሚሠራው ሚኒባስ ብቻ ነው። ለምን እንደቀረ ማንም አልነገረን፤ እኛም አልጠየቅን። ሚኒባሱ ትራፊክ ስለሚፈራ ትርፍ አይጭንም፤ አንዴ ከሞላ፣ ሰው ካልወረደለት መንገድ ላይ አይቆምም።

ቅዳሜ ዕለት እናቴን ልጠይቅ ሄድኩ። ቤታችን ከገሳይ ወዲህ፣ ከአስፋልቱ ዳር ነው። በራችን ላይ ስንደርስ «ወራጅ አለ!» አልኩ። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ገሳይ ልቅሶ ልትደርስ ከጧት ጀምሮ መኪና ስትጠብቅ፣ ሁሉም ሞልተው ሲያልፏት ነው የዋለችው።

ጉንጬን ሳም አድርጋ «ሌላ ቦታ አላገኝም፣ ልጄ» አለችና እኔ የለቀቅኩት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ረዳቱ በሩን ዘጋ። የቤቱን ቁልፍም ይዛው ሄደች።

ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ። ገና ይሞቃል።