ቀድሞ የቆመ ይከፍላል

ኦርቪል ቢዮርንስታድ «ብርድ አይነካኝም» እያለ የኖረ ሰው ነው። ልኳንዳ ቤት ነበረው። ዕድሜውን ሙሉ የበሬ ጎድን ከተሰቀለበት ማቀዝቀዣ ክፍል ሲገባና ሲወጣ ስለኖረ፣ ጡረታ ከወጣ በኋላም ብርዱ ዘመዱ ይመስለዋል። እኔ ማርሊስ እባላለሁ፤ እዚሁ ተራራ ሥር ባለችው ሬድ ሎጅ ከተማ፣ ዋናው መንገድ ላይ፣ የሞተረኛ ልብስ እጠግናለሁ። ዚፕ እቀይራለሁ፣ የተቀደደ ቆዳ እሰፋለሁ፣ አስፋልት የላጠው ክርን ላይ ቁራጭ ቆዳ እለጥፋለሁ። በዚህ ሥራ ያላየሁት ዓይነት ሰው የለም፤ እንደ ኦርቪል ያለ እልኸኛ ግን አልገጠመኝም።

በየዓመቱ ግንቦት ማለቂያ ላይ የቤርቱዝ ተራራ መንገድ በረዶው ተጠርጎ ይከፈታል። ያን ቀን እኛ ሞተረኞች አንድ ላይ ወጥተን፣ ጫፉን ተሻግረን ኩክ ሲቲ የምትባል መንደር እንወርድና ፓይ የሚሉትን የፍራፍሬ ኬክ እንበላለን። ሕጋችን አንድ ብቻ ነው፦ መንገድ ላይ ልብስ ልደርብ ብሎ ቀድሞ የቆመ ሰው የሁሉንም ፓይ ይከፍላል። ማን እንዳወጣው እግዜር ይወቅ። የሚከብደው ክፍያው አይደለም፤ እስከሚቀጥለው ግንቦት የማይለቀው ቀልድ ነው። ስለዚህ ዝናቡ ሲጀምር ሁሉም ጎረቤቱን በቆረጣ እያየ፣ «እሱ ይቁም እንጂ እኔ አልቆምም» እያለ ይበሰብሳል። የዝናብ ልብሱ እኮ ከኋላው ሻንጣ ውስጥ ተጣጥፎ ተቀምጧል! ጤነኛ ሰዎች ነን እንላለን።

ኦርቪል በሃያ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ቀድሞ ቆሞ አያውቅም። አምና ይህ ኩራቱ አስቀጣው። በጥጥ ሸሚዝና በቆዳ ጃኬት በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ውስጥ ገባ፤ ጣቶቹ ደነዘዙ፤ መታጠፊያው ላይ ፍሬኑን መጨበጥ አቅቶት ወደቀ። የትከሻው አጥንት ተሰነጠቀ። ሚስቱ አርሊን ክረምቱን ሙሉ ሸሚዙን እያለበሰች ከረመችና መጨረሻ ላይ እንዲህ አለችው፦ «ዘንድሮም እየተንቀጠቀጥክ ከመጣህ ሞተሩ ይሸጣል። በቃ።» አርሊን ቃሏን የምታጥፍ ሴት አይደለችም። ልኳንዳ ቤቱ ከተዘጋ ወዲህ ደግሞ ኦርቪልን ጠዋት ከአልጋ የምታስነሳው ያቺ ሞተር ናት። እሷ ከተሸጠች ሰውዬው ሶፋ ላይ እንደሚቀር ሁላችንም እናውቃለን፤ እሱም ያውቃል።

መንገዱ ሊከፈት በተቃረበ ሰሞን ኦርቪል ሱቄ መጣ።

«ማርሊስ፣ እስኪ አልብሺኝ» አለኝ።

«እንዴ! ምን ሆንክ? አመመህ?»

«አርሊን ናት እንጂ እኔማ ምንም አልሆንኩ።»

ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት። ከሥር ስስ የሱፍ ካናቴራ። በላዩ ሹራብ። በላዩ ብብቱ ሥር አየር ማስገቢያ ዚፕ ያለው ጃኬት፤ ታች ሲሞቅ ይከፍተዋል፣ ላይ ሲበርድ ይዘጋዋል። «የጥጥ ሸሚዝህን ለቤት አድርገው» አልኩት። «ጥጥ ላብህን ጠጥቶ ይይዝና ጫፉ ላይ ስትደርስ በብርድ ያደርቅሃል።»

«ቆዳ ጃኬቴስ?»

«እሱ ሲርስ አንድ ላም ያክላል። አንተ ደግሞ ላም መሸከም ትተሃል።»

ሳቀ። ከዚያ የጎማ ጓንት አወጣሁ፤ የዕቃ ማጠቢያው ነው፣ ሰፊው። ከቆዳ ጓንት በላይ ሲጠለቅ ውሃም ነፋስም አያሳልፍም።

«ቢጫ ነው!» አለ ደንግጦ።

«አዎ፣ ቢጫ ነው።»

«ያ ቧንቧ ሠራተኛ ከርቲስ ሲያየኝ በሳቅ ይሞታል።»

«ይሙት! ቀባሪ አያጣም።»

የዝናቡ ሱሪ በቡትስ ላይ አልገባ ብሎ ሰው ስለሚያስቸግር፣ ቡትሱን አስቀድሞ የዳቦ ፌስታል ውስጥ ማስገባት አስተማርኩት፤ እንዲያ ሲሆን ሙልጭ ብሎ ይገባል። ሱቄ መሐል በአንድ እግሩ እየዘለለ ተለማመደ። ሁለታችንም እንባችን እስኪመጣ ሳቅን።

ሊወጣ ሲል ግን በሩን ይዞ ቆመና «ሁሉንም ከቤት ለብሼ ብወጣስ? መቆም አያስፈልገኝም ነበር» አለ።

«ታች ሙቀት ነው፣ ኦርቪል። በፕላስቲክ ውስጥ ትቀቀላለህ፤ ከዚያ በራስህ ላብ ርሰህ ብርዱ ውስጥ ትገባለህ። የግድ መንገድ ላይ ቆመህ ነው የምትደርበው።»

«እንግዲህ እናያለን» አለኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ?

ቀኑ ደረሰ። ከተማው ውስጥ ሰው በካናቴራ አይስክሬም ይልሳል። ሰባት ሞተር ሆነን ተሰለፍን። ቧንቧ ሠራተኛው ከርቲስ፣ በር የሚሞላ ግዙፍ ሰውዬ፣ በስስ ጃኬት መጥቶ የኦርቪልን ሻንጣ መታ መታ አደረገ።

«ሽማግሌው! አርሊን ነች ይሄን ሁሉ ያሸከመችህ?»

«አዎ፣ ጡጦዬንም ጨምራልኛለች» አለ ኦርቪል። ሳቁ አንድ ጊዜ ደራ።

ከርቲስ መራን፤ ኦርቪል መሐል፣ እኔ ከኋላው። መንገዱ እየተጠማዘዘ ሲወጣ ጥዱ እየሳሳ ሄደ፤ ነፋሱ በአንገቴ ገባ። ጫፉን ጥቁር ደመና ውጦታል። መጀመሪያ ካፊያ፣ ቀጥሎ ዝናብ፣ ቀጥሎ እንደ አሸዋ የሚጋረፍ በረዶ። ማንም አልቆመም! ሰባት ትልልቅ ሰዎች! የኦርቪል ትከሻ ወደ ጆሮው ሲወጣ አየሁ፤ ግራ እጁን እያራገፈ ይነዳል። አምናም ከመውደቁ በፊት እንዲህ ነበር ያደረገው።

«ቁም!» እያልኩ ሄልሜቴ ውስጥ ጮህኩ። «ቁም አንተ ግትር! ለፓይ ብለህ ሞተርህን ልትበላ ነው?»

አንቺስ ለምን አልቆምሽም ትሉኝ ይሆናል። ኧረ ተዉኝ! እልኽ መች አጣሁ።

ከጫፉ በፊት መኪና ዳር መያዝ የሚችልበት አንድ የመጨረሻ ቦታ አለ። ከዚያ ወዲያ በአንድ በኩል ቋጥኝ፣ በሌላው ገደል ነው። ወደዚያ ስንቃረብ የኦርቪል ፍሬቻ ብልጭ አለ። እንደገና ብልጭ አለ። ከመንገዱ ወጣና ቆመ።

ገና እግሩ መሬት ሳይነካ ሁላችንም ከኋላው ተግተልትለን ገባን። ከርቲስ በመስተዋት አይቶ ዞሮ ተመለሰ። አንድ ሰው እንኳ አልቀለደም፤ ሁሉም ሻንጣውን ለመክፈት ይሻማል። ለካስ ሁላችንም አንድ ሰው እንዲቆም ስንጸልይ ነበር የመጣነው። ኦርቪል ፌስታሉን፣ ሱሪውን፣ የዝናብ ካፖርቱን እንደተለማመደው በእርጋታ ለበሰና ቢጫውን ጓንት አጠለቀ።

ከርቲስ ጥርሱ እየተንገጫገጨ መጣ። ጓንቱን አየው።

«ሌላ... ሌላ አለህ?»

«አለኝ። ግን ሮዝ ነው።»

«አምጣው!»

ጫፉን በበረዶ ውስጥ ቀስ ብለን አለፍን። ኩክ ሲቲ ላይ ኦርቪል ለሁላችንም ፓይ አዘዘ፤ እኛም ስንበላ ቀለድንበት፤ ከርቲስ ሮዙን ጓንት ጭኑ ላይ አድርጎ ስለነበር ግን ቀልዱ ብዙ አልገፋም። ስንመለስ ሰማዩ ጠርቶ ፀሐይ ወጥታ ነበር።

ቤቱ ድረስ ሸኘሁት። አርሊን ግቢው በር ላይ ቆማለች፤ ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደቆመች አላውቅም። ሰላምም አላለችው። ጓንቱን ሳበችና አወለቀች፣ እጁ እንደሞቀ ልታይ ጉንጯ ላይ አደረገችው፣ ዓይኗን ጨፈነች።

ኦርቪል እንደ ጥፋተኛ አንገቱን ደፋ።

«አርሊን፣ ሃያ ዓመት አልተሸነፍኩም ነበር። ዛሬ ቀድሜ ቆምኩ። ተሸነፍኩ።»

«እኔ ደግሞ አንተ ሰውዬ» አለች፣ እጁን ሳትለቅ፣ እንባዋ በጣቶቹ መሐል እየወረደ፣ «ሃያ ዓመት ሙሉ እስክትሸነፍልኝ ስጠብቅ ነው የኖርኩት።»

እኔም አለቀስኩ፤ ደግነቱ ሄልሜቴን አላወለቅኩም ነበር። ሞተሬን አስነስቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።